ቀይ የቀባኋቸው ኩይሳዎች

ባለፈው ሳምንት ከቡሬ መናኸሪያ የጫንኳት ሴትዮ ባጃጁ ውስጥ ሳትደላደል ፊቴን በመስታወቱ አየችና፣ «አንቺ የአርጃኖዋ ልጅ አይደለሽም?» አለችኝ።

«ነበርኩ» አልኳት።

«አሁንስ?»

«አሁንማ እየነዳሁሽ ነው።»

«ውይ! የመንግሥት ሥራ ትተሽ? ለባጃጅ?»

የከነከነኝ ጥያቄዋ አይደለም፣ «ነበርኩ» ያልኩበት ፍጥነት ነው። ስድስት ዓመት የሠራሁትን በአንድ ቃል ዘጋሁት። በማግስቱ ባጃጁ ሞተሩ ተነክቶ ጋራዥ ገባ። ሦስት ቀን ይፈጃል አሉኝ። እኔ ደግሞ ሦስት ቀን እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልበትም። ደብተር ገዝቼ ይኸው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ሰው የሥራ ዘመኑን የሚጽፈው ፀጉሩ ሲሸብት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ጡረታ የወጡት ቡሬ ላይ ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ ቶላ ናቸው፣ እሳቸው ግን አይጽፉም። ሁሉን ነገር ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። በዚህም ምክንያት ነው ነገሩ ሁሉ የተበላሸው፤ አይ፣ በእሳቸው አላላክክም። በእኔ ነው የተበላሸው።

ሥራ የጀመርኩት መቱ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ፣ ነጥብ አልመጣልኝም። አንድ ቀን በአንድ ቢሮ በር ላይ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ስካውት ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አየሁና ገባሁ። ከተሰለፍነው ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ፈታኙ «ጫካ አትፈሪም?» አለኝ። «እኔ የምፈራው ቤት መቀመጥ ነው» አልኩት። ሳቀና ስሜን ጻፈው።

ከዚያ ዓመት ሙሉ ጫካ አላሳዩኝም። ፋይል ያዥ አደረጉኝ። መዝገብ ቤት ተቀምጬ የዝንጀሮና የከርከሮ አቤቱታ በየወረዳው እለያለሁ። ወንበሩን በዓመት ሁለቴ ሰበርኩት፣ ዝም ብዬ ስለማልቀመጥበት። ሦስተኛውን ከመስበሬ በፊት ወደ ጎሬ ላኩኝ። ጎሬ ስምንት ወር ቆየሁ። ከኮረብታው ላይ ጉሙ ወደ ቢሮው በመስኮት ይገባል፣ እኔ በበር እወጣለሁ። ከዚያ ኡካ። ኡካ ላይ ቢያንስ ሰው አገኘሁ። ገበሬው ዝንጀሮ በቆሎውን በልቶበት እየተቆጣ ይመጣል፣ በኦሮምኛ ይራገማል፣ እኔ በኦሮምኛ እጽፋለሁ፣ መጨረሻ ላይ በአማርኛ አብረን እንስቃለን። ደመወዙ ያው የሁላችንም ነው፤ ስለሱ የሚጻፍ የለም።

በአራተኛው ዓመት ቡሬ ተመደብኩ።

ቡሬ ስደርስ ጋሼ ቶላን ከቢሮው ጀርባ ጆንያ ሲያጥቡ አገኘኋቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስልሳን ሊደፍኑ የተቃረቡ ሰው ናቸው። የማዳበሪያ ጆንያውን እንደ ልጅ ልብስ ያሹታል፣ ያለቀልቁታል፣ አፍንጫቸውን ውስጡ ከተው ያሸቱታል፣ እንደገና ያሹታል።

«አካም ቡልታን፣ ጋሼ» አልኳቸው፣ እንዴት አደሩ ማለቴ ነው። «እኔ ሌንሳ ነኝ፣ አዲሷ ስካውት። ምን እያደረጉ ነው?»

«የማዳበሪያው ሽታ ካልወጣ ዓይኑን ያቃጥለዋል።»

«የማንን ዓይን?»

«የእንግዳችንን።»

እንግዳ የሚሉት አርጃኖን ነው። ላላየው ሰው፣ አርጃኖ አዞ መሆን ጀምሮ መሃል ላይ ሐሳቡን የቀየረ እንሽላሊት ነው። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ ሜትር ያልፋል። ምላሱ እንደ እባብ መንታ ነው፣ ጥፍሩ እንደ ድመት ነው፣ ሥጋ እንጂ ቅጠል አይቀምስም። ወንዝ ዳር የሚኖረውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የእኛው ግን የደረቅ አገሩ ነው። ጭንቅላቱ አጠር፣ ሰውነቱ ደልደል ያለ፣ ቆዳው አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል። ከቡሬ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ሲወረድ ጃኬት የሚያስወልቅ ቆላ አለ። እዚያ ዛፉ ያጥራል፣ ሣሩ ይደርቃል፣ ግራሩ ቀሚስ እየያዘ አላሳልፍ ይላል። የእንግዳችን ሰፈር እሱ ነው።

በመጀመሪያው ቀን እዚያ አውርደው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ከኪሳቸው ቆሎ አወጡና አንድ ፍሬ ወደ አፋቸው ጣሉ። አንድ። አኝከው፣ ውጠው፣ ሌላ አንድ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የምንጠብቀው?»

«ፀሐይ እዚያ ግንድ ላይ እስክትደርስ።»

«ከደረሰችስ?»

«ይወጣል።»

«ካልወጣስ?»

«ነገ እንመጣለን።»

አንድ ጊዜ ለሽንት ተነሳሁ። ሁለተኛ ጊዜ ለሽንት ተነሳሁ። ሦስተኛ ጊዜ ያለ ምንም ምክንያት ተነስቼ ዞር ዞር ብዬ ስመለስ እሳቸው ቆሎውን ኪሳቸው እየመለሱ ነው።

«ምነው?»

«ወጣ፣ ሞቀ፣ ሄደ።»

ተቆጡኝ ብል ውሸት ነው። ተቆጥተውኝ አያውቁም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያስተማሩኝን ብጽፍ ደብተሩ አይበቃም። አሸዋ ላይ የእግሩ ዱካ በግራና በቀኝ ሲሆን በመሃል የጅራቱ መስመር አለ። መስመሩ ቀጥ ካለ ርቦት ወደሚያውቀው ቦታ እየሄደ ነው። እየተጠማዘዘ ከሄደ ጠግቦ እየተንሸራሸረ ነው። ኩሱ ጫፉ ነጭ ነው። በእንጨት ሰብረው ያሳዩኛል፦ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ የጥንዚዛ ክንፍ፣ የጊንጥ ጭራ። ላባ ካለበት ደግሞ «በይ ተነሺ፣ እትዬ አስካለ ዘንድ እንሂድ፣ ዛሬ ስድብ አለ» ይላሉ።

መያዙንም አስተማሩኝ። መጀመሪያ ጨርቅ ዓይኑ ላይ ትጥያለሽ። ሲጨልምበት ይረጋል። ከዚያ አንድ እጅ ከአንገቱ ኋላ፣ አንድ እጅ ከጅራቱ ሥር፣ ጅራቱ ብብትሽ ውስጥ። ጅራቱን የረሳ ሰው በአለንጋ ይገረፋል። ጆንያው በውሃ ይርሳል፣ በቃጫ ይታሰራል፣ ናይለን ገመድ አይነካውም፣ ጥላ ሥር ይቀመጣል። «ከነከሰሽ ደግሞ እንዳትጎትቺ። ሲሰለቸው ይለቅሻል።»

«እርስዎን ነክሶዎት ያውቃል?»

ጥፍር የሌለውን አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ። «እኔ ጎትቼ ነበር።»

እትዬ አስካለ ከቡሬ በታች ባለው ቀበሌ ዶሮ የሚያረቡ ሴት ናቸው። አፋቸው ሹል ነው፣ ግን እንግዳ ሳያበሉ አይሸኙም። አርጃኖው እንቁላል በበላባቸው ቁጥር እኛን ያስጠሩናል።

«እናንተ ጠባቂ ነን ትላላችሁ! ማንን ነው የምትጠብቁት፣ ዶሮዬን ወይስ እሱን?»

«ሁለቱንም ነው እትዬ» አልኳቸው።

«ሁለቱንም የሚጠብቅ ደግሞ ከየት መጣ! አንቺስ ልጅ ነሽ። አንተ ቶላ ግን አታፍርም? ድሮ ቆዳቸውን ስትገፍ የነበርከው አንተ አይደለህም እንዴ? ዛሬ ሞግዚት ሆነህ አረፍከው!»

ጋሼ ቶላ ሳቅ ብለው መዶሻቸውን አወጡ። የዶሮውን ቤት በአራት እንጨት ከፍ አደረግነው። እያንዳንዱን እግር አርጃኖው ጥፍሩን እንዳይተክልበት በቆርቆሮ ጠቀለልነው። ከዚያ በኋላ የቤቱ እንቁላል ተረፈ። እትዬ አስካለ ግን አልረኩም። ዶሮዎቹ ቀን ቀን ጫካው ጥግ ሲጭሩ አልፎ አልፎ አንዷ ትቀራለች። «ይሄ አውሬ ከነቤቱ ይጥፋልኝ» ብለው በየወሩ በጣታቸው ፈርመው አቤቱታ ያስገባሉ። እኔ እመዘግባለሁ።

ያን ቀን ስንመለስ «እውነት ነው?» አልኳቸው። «ቆዳ ይገፉ ነበር?»

«ዱጋ» አሉ፣ እውነት ነው ማለታቸው ነው። «ነጋዴ ይመጣ ነበር። ለቀበቶ፣ ለሴት ቦርሳ ይሉናል። ብልሃት አይፈልግም። እናቲቱ ዝናቡ ሲያበቃ እንቁላሏን ልትጥል ወደ ኩይሳ ትሄዳለች። ያን ጊዜ ሆዷ ከብዶ መሮጥ አትችልም። ኩይሳው ዳር ቁጭ ብለሽ መጠበቅ ነው።»

እዚያ ነው መጠበቅን የተማሩት።

«ቆዳዋን ስገፍፍ ሆዷ ውስጥ እንቁላሉን አየዋለሁ። ስንቱን አየሁ። ሲፈለፈል ግን አንድም ቀን አላየሁም። ኩይሳውን ትቦረቡራለች፣ ትጥላለች፣ ትሄዳለች። ቀዳዳውን ምስጦቹ ራሳቸው ይደፍኑታል። ወራት ውስጡ ይከርማል። ኩይሳ ሲደርቅ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ዶማ ይመልሳል። እነዚያ ደግሞ ጣቴን የሚያክሉ ናቸው። በሩን ማን ይከፍትላቸዋል? እናትየው ተመልሳ መጥታ ነው? ራሳቸው ናቸው? ዝናቡ ነው? ሽማግሌዎች ጠየቅኩ፣ ከመቱ የመጡ ባለሙያዎች ጠየቅኩ። ሁሉም ያወራል፣ ያየ ግን አላገኘሁም።»

በስድስተኛው ዓመቴ፣ ጥቅምት ሲያልቅ እንቁላል የተጣለባቸው አምስት ኩይሳዎች አሳዩኝ። አራቱ ከእትዬ አስካለ ማሳ በላይ ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ናቸው። አምስተኛው ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ከአንድ ዋንዛ ሥር ነው። የሚፈለፈሉት በልጉ ዝናብ ላይ፣ ሚያዝያ ግንቦት አካባቢ ነው። እሳቸው መጋቢት ላይ ጡረታ ይወጣሉ።

«ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እመጣና እቀመጣለሁ» አሉኝ። «ያኔ ና ሂድ የሚለኝ የለም። አንዴ ካየሁ ይበቃኛል።»

ምልክት እናድርግባቸው ስላቸው እምቢ አሉ። «ምልክት ሰው ይጠራል። አንቺ ጭንቅላትሽ ውስጥ ያዢው።»

ቡሬ ላይ አለቃችን ገመቹ ይባላል። በእኔ ላይ አራት ዓመት ቢጨምር ነው፣ ስለዚህ አንቱ አልለውም። ሞተር ሳይክል አለው። ሪፖርት ይወዳል፣ ከሪፖርት ደግሞ ፎቶ ያለበትን አብልጦ ይወዳል። ጥር ላይ ጠራኝ።

«ሌንሳ፣ አምስት ኩይሳ ብለሽ ጽፈሻል። የታሉ?»

«ጋሼ ቶላ ጭንቅላት ውስጥ።»

«ጋሼ ቶላ መጋቢት ላይ ይሄዳሉ። ጭንቅላታቸውን ትተውልን ነው የሚሄዱት?»

ልክ ነበር። ዛሬም ልክ ነበር እላለሁ፤ ክፉ አለቃ ቢሆን ኖሮ ይህን መጻፍ ይቀለኝ ነበር።

«ምልክት አድርጉባቸውና ፎቶ ላኩልኝ። ሳምንት አላችሁ።»

ጋሼ ቶላ በዚያው ሳምንት ለጡረታቸው ወረቀት ሊጨርሱ መቱ ሊሄዱ ነበር። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። «እስክመለስ ቆዪኝ» አሉ በመስኮቱ። «አብረን መላ አናጣለትም። ማሎ፣ ቆዪኝ።» ማሎ በኦሮምኛ ልመና ነው። እሳቸው እኔን ለምነውኝ አያውቁም ነበር።

ሁለት ቀን ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን አልቻልኩም።

በዚያ ሰሞን የቡሬ ዋና መንገድ ይሰፋል ተብሎ አንድ ሰውዬ ባልዲ ይዞ በየአጥሩ ላይ ቀይ ቀለም ይቀባ ነበር። የእትዬ አስካለ እኅት ሱቅም ተቀብቷል። ሥራውን ሲጨርስ ባልዲው ውስጥ የቀረችውን ቀለም ከነብሩሹ ለመንኩት። «ምን ልታደርጊበት ነው?» አለኝ። «ምልክት» አልኩት። ሰጠኝ። እስቲ አስቡት፣ ባልዲው ራሱ አንድ ነው። ያን ጊዜ ግን ምንም አልታየኝም። እኔ የታየኝ የፈተና ወረቀቴ ላይ መምህሩ ያሰመረብኝ ቀይ መስቀለኛ ምልክት ነው። አትንኩ፣ አትጠጉ፣ ስህተት ነው ለማለት ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ?

አራቱን ቀባሁ። በእያንዳንዱ ላይ ቁመቴን የሚያህል ቀይ መስቀለኛ። ከሩቅ ይታያል። ኮራሁ። ወደ አምስተኛው ልሄድ ስል ፀሐዩ አናቴን ይበሳል፣ ወንዙን ወርዶ መውጣቱ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ቀለሙም ሥሩ ላይ ደርሷል። ሰለቸኝ። የመጀመሪያውን ኩይሳ ከጎን በኩል ዞር ብዬ ድጋሚ ፎቶ አነሳሁት። ሪፖርቱ ላይ «አምስቱም ምልክት ተደርጎባቸዋል» ብዬ ጻፍኩ። ገመቹ በስልክ «ጎበዝ» አለኝ።

በሳምንቱ እትዬ አስካለ ቢሮ መጡ። ቅርጫት ይዘዋል፣ ገለባ ተነጥፎበት እንቁላል ተደርድሮበታል። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

«ነይ እዚህ፣ የእኔ ልጅ! እኔ እኮ ይቺ ልጅ ወረቀቴን የምትጥለው ይመስለኝ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። ያዢ፣ ያንቺ ነው።»

«ምንድን ነው እትዬ?»

«ምስጋና ነዋ! ስንት ዓመት አቤት ስል ይኸው ሰማችሁኝ። ምልክቱን ባየን በማግስቱ ሴቶቹን ሰብስቤ አፈረስንላችሁ። እናንተን ምን አደከማችሁ? አራቱንም።»

«ማን አፍርሱ አላችሁ?»

«እንዴ! ቀይ ቀብታችሁት? የእኅቴ ሱቅ ቀይ ተቀባ፣ ይፈርሳል ተባለ። ቀይ የተቀባ ነገር ሲቀር የት አየሽ? ሌላው ሰው ሳይቀድመን አፈሩን እንኳ ለምርጊት እንውሰደው ብለን ነው። ምስጡንም ዶሮዎቹ ጠገቡት።»

«ውስጡስ? ውስጡ ምንም አልነበረም?»

«አልነበረም? የእባብ እንቁላል ሞልቶበት! አይዞሽ፣ ጋዝ አርከፍክፈን አቃጠልነው። አንድ አላስቀረንም።»

ቅርጫቱን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጣሁ። ሮጥኩ። የሁለት ሰዓቱን መንገድ በስንት እንደደረስኩ አላውቅም። ኩይሳዎቹ የነበሩበት አራት ክብ የቀይ አፈር ቦታ አለ፣ ዶሮዎች እየጫሩበት። አመዱን በእጄ በተንኩት። ቅርፊቱ እንደ ዶሮ እንቁላል አይሰበርም፣ እንደ ቆዳ ይኮማተራል። አንዱ ሳይቃጠል ተቀዶ ቀርቷል። ውስጡ ተጠቅልሎ የተኛ ነበር። ገና አልሞላም፣ ግን ጥፍሮቹ ወጥተዋል። አምስት፣ አምስት። እሱን ቀበርኩት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

እትዬ አስካለን እንዴት እንደምወቅሳቸው አሰብኩ። ከየትም ብይዘው አልሆን አለኝ። እሳቸው መንግሥት የጻፈውን አነበቡ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በመንግሥት ቀለም።

ጋሼ ቶላ ከመቱ ሲመለሱ ገመቹም ቢሮ ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«አምስቱንም ቀብተሽው ነበር?»

ገመቹ ያየኛል። ሪፖርቱ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«አዎ» አልኩ።

ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጓሮ ወጡ። በመስኮት አየኋቸው። ንጹሑን ጆንያ ሁሉ አውርደው ውሃ ውስጥ ነክረው ማሸት ጀመሩ። ያልቆሸሸ ጆንያ። አንድ በአንድ።

ከዚያ ቀን እስከ መጋቢት ያለውን ጊዜ ማስታወስ አልወድም። አምስተኛው ቆሞ እንዳለ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ተደብቄ ሄጄ አይቼዋለሁ። ቆሟል፣ ሙሉ ነው። ይህን ከነገርኳቸው ግን ውሸቴንም አብሬ ልነግራቸው ነው። ጠዋት «ዛሬ» እላለሁ፣ ከሰዓት «ነገ» እላለሁ። እንቅልፍ አጣሁ፣ ምግብ ጠላሁ፣ ገመቹ ሳይቀር «አሞሻል?» አለኝ። ጋሼ ቶላ ግን ወደዚያ በኩል መሄድ አቆሙ። ቆላው ሲነሳ ወሬ ይቀይራሉ። ቆሎውን በጭብጥ ይበሉ ጀመር።

የሽኝታቸው ቀን ለስላሳ ተከፈተ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ገመቹ ጥሩ ንግግር አደረገ። ጥቁር ትልቅ ጃንጥላ ሸለምናቸው። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ እጄ አልነሳ አለኝ። ሲወጡ በሩ ላይ ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ አምስተኛው አለ።»

«ምኑ?»

«ከወንዙ ማዶ ያለው። ዋንዛው ሥር ያለው። አልተነካም።»

«ሪፖርቱ አምስት ይላል።»

«ዋሽቼ ነው። አልቀባሁትም። ወንዙን መሻገር ሰለቸኝ።»

ጃንጥላውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዘዋወሩት። እኔ ሊመቱኝም ይችላሉ ብዬ ነበር።

«ስንፍናሽን እግዜር ይባርከው» አሉ።

ለገመቹም በማግስቱ እውነቱን ነገርኩት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ደብዳቤው ትክክል ነው፣ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ አለ። የለቀቅሁት በደብዳቤው አይደለም፣ ሰው እንደዚያ ያወራል እንጂ። የለቀቅሁት ሥራው ቁጭ ብሎ ማየት ስለሆነ ነው። እኔ ያየሁትን ነገር ወዲያው መንካት አለብኝ። አጎቴ ያረጀ ባጃጅ ነበረው፣ ወሰድኩት። ባጃጅ የቆመ ቀን ነው የሚከስረው። ይስማማኛል።

ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ጋሼ ቶላን ከበራቸው ጫንኳቸው። በየቀኑ ጠዋት መንገዱ እስከሚያልቅበት አደርሳቸዋለሁ፣ ከዚያ ወንዙን አብረን እንሻገራለን፣ እሳቸው ከዋንዛው ሥር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እኔም እቀመጣለሁ። ማለቴ፣ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። ኩይሳው እንደ ግንብ ቆሟል። ዝናቡ ያጥበዋል፣ ፀሐዩ ያደርቀዋል፣ ምንም የለም።

«ውስጡ ሞተው ቢሆንስ?» እላቸዋለሁ።

«ሊሆን ይችላል።»

«ታዲያ ለምን እንጠብቃለን?»

«ላይሆን ይችላል።»

ሰባት ቀን፣ ስምንት ቀን። እኔ ሥራ እየፈታሁ ነው፣ አጎቴ በስልክ ይጮኽብኛል። በዘጠነኛው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር፣ ጠዋት ላይ አባራ። ኩይሳው ጠቁሮ ይተናል። ስልኬ ጮኸ። ቋሚ ደንበኛዬ ናት፣ ከመናኸሪያ ዕቃ አለብኝ ትላለች።

ጋሼ ቶላን አየኋቸው። «ሂጂ» አሉ። «እኔ የትም አልሄድም።»

ሄድኩ። ጫንኩ፣ አወረድኩ፣ መንገድ ላይ ሌላ ሰው እጁን አወጣ፣ እሱንም ጫንኩ። ስመለስ ፀሐይ ወጥታለች። ወንዙን ስወጣ ከሩቅ አየኋቸው። እዚያው ድንጋይ ላይ ናቸው። ጃንጥላው ግን ወድቋል፣ ከጎናቸው ተገልብጦ ውሃ ይዟል። አላነሱትም። ኩይሳው ላይ፣ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ጡጫ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ። ጫፉ ገና እርጥብ ነው።

አልጮህኩም። ቀስ ብዬ መጥቼ አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«ወጡ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥፍር የሌለውን አውራ ጣታቸውን ከሌባ ጣታቸው ጋር ዘርግተው መጠኑን አሳዩኝ። «ጀርባቸው ላይ ቢጫ ቢጫ ነጠብጣብ አለ» አሉ። «ሲያድግ ነው ለካ የሚጠፋው። እኔ በትልቁ አይቼው አላውቅም።»

«በሩንስ? ማን ከፈተላቸው?»

ፈገግ እንደማለት አሉ፣ ትንሽ አፍረው።

«እሱን አላየሁም።»

«እንዴት አላዩም? ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዓይንዎን ሳይነቅሉ!»

«አንቺ ወንዙን ስትወርጂ እንዳትወድቂ እያየሁሽ ነበር። ዞር ስል ተከፍቷል።»

ጃንጥላውን አንስቼ ውሃውን ደፋሁት። እጃቸውን ይዤ ላስነሳቸው ስል «ቆይ፣ ቆይ» አሉና ግራ እግራቸውን ከመሬት ከፍ አደረጉ። ጫማቸው ላይ፣ ጭቃው ውስጥ፣ ማበጠሪያ የተጎተተበት የሚመስል ቀጭን ዱካ አለ። በመሃሉ ክር የምታህል የጅራት መስመር። ቀጥ ያለች።

«አንዱ በላዬ ላይ አለፈ» አሉ።

እስከ ባጃጁ ድረስ ትከሻዬን ተደግፈው በአንድ እግራቸው አነከሱ። ወንዙን ስናልፍ ያንን እግር ውሃ አላስነኩትም። ባጃጁ ውስጥ ሲገቡ ግራ እግራቸውን በጎን ወደ ውጭ ዘረጉት፣ ሸራው እንዳይነካው። ሌላ ሰው እንዲህ እግሩን ዘርግቶ ቢሳፈረኝ እኔ ራሴ አወርደው ነበር።

እስከ ቡሬ ድረስ በአንደኛ ማርሽ ነዳሁ። ከኋላዬ ሚኒባስ ክላክስ ይነፋል፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ምን ሆነሽ ነው አንቺ ልጅ፣ ሬሳ ነው እንዴ የጫንሽው!» ይላል። ቀኜን ይዤ ለቀቅሁለት፣ አለፈ። ሌላም መጣ፣ እሱም አለፈ። እኔ ጉድጓድ እየመረጥኩ፣ በመስታወት ያንን ጫማ እያየሁ፣ ቀስ።